ሰላምታ ያልመለሰው ሰው

አምብሮዝ ሆልሮይድ ወድቆ የተገኘው ሚስስ ክላፕ ጠዋት በሳሙና አሽታ ባጠበችው የቢሮው ወለል ላይ ነው። ሴትየዋ በኋላ እያለቀሰች እንደነገረችኝ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር መቆጣት ነበር። አርክቴክቱ ንድፉን መሬት ላይ ዘርግቶ፣ በሆዱ ተኝቶ መሥራት ይወድ ስለነበር፣ «ኧረ ሚስተር ሆልሮይድ፣ ዛሬ እንኳ በበዓሉ ወንበር ላይ ይቀመጡ!» አለችው። መልስ ሲጠፋ ጠጋ ብላ አየች። ጩኸቷ እስከ ገበያው ተሰማ።

እኔ ስደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። የጰራቅሊጦስ ማግስት ሰኞ ነበር። በከተማችን በሃዘልሾ ያን ቀን ቤት የሚውል ሰው የለም። የየቤተ ጸሎቱ ሰንበት ተማሪዎች ነጭ ለብሰው፣ ትልልቅ የሐር ባንዲራ አስቀድመው፣ የነሐስ ባንድ እየመራቸው ዋናውን መንገድ ይዞራሉ፤ ከዚያ ሜዳ ላይ ሻይና ጣፋጭ ዳቦ ይታደላል። መዝሙሩ ከሜዳው ገና ይሰማ ነበር። እኔም ያንን እየሰማሁ ከሬሳው አጠገብ ተንበረከክሁ።

ስሜ ኤዝራ ክራውዘር ነው። በዚህ ከተማ ተወልጄ በዚሁ ከተማ ኢንስፔክተር ሆኛለሁ። መቀመጥ አይሆንልኝም። ሚስቴ «አንተ እኮ ስትሞትም ሣጥኑ ውስጥ ትንጎራደዳለህ» ትለኛለች።

ሆልሮይድ ከኮፍያ መስቀያው ፊት በደረቱ ተደፍቷል። ኮፍያው እጁ ውስጥ ነው፤ ሊወጣ ነበር ማለት ነው። ከኋላው የተመታው አንዴ ብቻ ቢሆንም አንዱ በቅቶታል። የተመታበት ከባድ ነገር ግን ክፍሉ ውስጥ የለም። ሳጅን ዶብሰን ምድጃውን፣ ቁም ሣጥኑን፣ የንድፍ ጥቅሎቹን ሁሉ በረበረ።

«መቼ ሞተ?» አልኩት ሐኪሙን።

«ዛሬ።»

«እሱንማ እኔም ደርሼበታለሁ።»

«በዚህ ሙቀት ከዚህ የተሻለ የሚነግርህ ሐኪም ካለ ዋሽቶሃል» አለና ቦርሳውን ዘጋ።

ከሟቹ ሰደርያ ኪስ በንጹሕ መሐረብ የተጠቀለለ ስስ መስታወት ወጣ። ጣት ያህላል፤ መሃሉ ላይ ለሁለት ተሰብሯል፤ ሁለቱም ጫፍ ላይ የደረቀ ኖራ ተጣብቆበታል።

«ቆሻሻ ነው አለቃ» አለ ዶብሰን።

«አንተ ቆሻሻ በንጹሕ መሐረብ ጠቅልለህ ታውቃለህ?»

«እኔ አላውቅም። ሚስቴ ግን ታደርገዋለች።»

ወደ ኪሴ ከተትኩት።

*

የሆልሮይድ ሸሪክ ሊዮኔል ጋርሳይድ ቢሮው እዚያው ጎን ካለው ክፍል ነው። ከሜዳው ተጠርቶ ሲመጣ ፊቱ አመድ መስሏል። መልከ መልካም፣ ጨዋ፣ ከተማው የሚወደው ሰው ነው። ከጠረጴዛው በላይ የኢቤንኤዘር ቤተ ጸሎት ንድፍ ተሰቅሏል፤ ያለ ሆልሮይድ እርዳታ ብቻውን የሠራው የመጀመሪያ ሥራው ነው። ማማው ባለፈው መከር ነው ያለቀው። የኢቤንኤዘር ሰዎች «የደብሩ ማማ ከኛ ሊበልጥ?» ብለው መሠረቱ ከተጣለ በኋላ ቁመቱን አስጨምረውታል። እኔም የዚያው ቤተ ጸሎት ልጅ ነኝና በዚህ ነገር ብዙ ጉራ ነዝቻለሁ።

«በሕይወት ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት መቼ ነው?»

«ሰልፉ ሲያልፍ። እዚህ መስኮት ላይ ነበርኩ። ‹አምብሮዝ፣ ና እይ!› ብዬ ተጣራሁ። ‹ሥራ ላይ ነኝ› አለኝ። መቼ ሥራ ላይ ያልሆነበት ቀን አለ? ትቼው ሰልፉን ተከትዬ ወረድኩ።»

«ከዚያስ?»

«ሜዳ ላይ ሻይ ስቀዳ ነበር። ለሚስትዎም ቀድቼላቸዋለሁ።»

እውነቱን ነው። በኋላ ጠየቅኳት፤ ስኳር አብዝቶባታል።

ክፍሉ ምድጃ ሆኖብኛል። ኮቴን ከፈትኩ፣ ተንጎራደድኩ፣ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ጋርሳይድ ቀድሞኝ መስኮቱ ፊት ቆመና ውሃ ቀዳልኝ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የቆዳ ፋብሪካው ሽታ ራሴን ያመኛል» አለ። የተሰበረውን መስታወት ሳሳየው ገልበጥ አድርጎ አየው። «የናሙና ስብርባሪ ይሆናል። የአምብሮዝ ኪስ እኮ የቆሻሻ ቅርጫት ነበር» ብሎ መለሰልኝ። ሲመልስልኝ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

*

በማግስቱ ከኢቤንኤዘር የመጡ ሴቶች ጣቢያውን ሞሉት። ሁሉም የሰሙት አንድ ነገር ነው። ሰኞ ጠዋት፣ ሰልፉ ከመነሣቱ በፊት፣ ሆልሮይድና አናጢው ኢኖክ ባርከር ከማማው በር ተከታትለው ወጡ። ኢኖክ እየጮኸ ነበር።

«‹ደሙ በራስህ ላይ ነው!› አለው» አለች አንዷ። «‹አንተ› እያለ! አናጢ አርክቴክቱን!»

«ሆልሮይድስ ምን አለ?»

«‹እስከ ማታ ታገሥ› ብሎት ሄደ።»

ኢኖክ የዚያን ዕለት ባንዲራውን ተሸክሞ ሜዳ ድረስ ሄዷል። እዚያ ዘንጉን አቀብሎ፣ ሻይም ሳይቀምስ ተሰወረ። አመሻሽ ላይ አቧራ ለብሶ ቤቱ ገባ። የመሣሪያ ከረጢቱን አስፈተሽኩ፤ ትልቁ የእንጨት መዶሻ የለም።

«መዶሻህ የት ነው?»

«ረሳሁት።»

«የት?»

«የረሳሁበት።»

«ከሜዳው ወጥተህ የት ሄድክ ኢኖክ?»

አንገቱን ደፋ። ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። «እሱን አልነግርህም ኢንስፔክተር። አትድከም።»

አዛዡ ሚስተር ፖላርድ ከዚህ በላይ አላስፈለገውም። «ዛቻ አለ፣ መሣሪያ ጠፍቷል፣ የት እንደነበር አይናገርም። ሰኞ ወደ ሊድስ ችሎት ትልከዋለህ» አለኝ። ሊድስ ማለት የስቅላት ገመድ ማለት ነው። ሁለታችንም እናውቃለን።

እኔን ግን አንድ ነገር ነዘነዘኝ። ሆልሮይድ የሞተው ጀርባውን ሰጥቶ፣ ኮፍያውን እያነሣ ነው። ‹ደሙ በራስህ ላይ› እያለ ለጮኸበት ጉልበተኛ ጀርባውን የሚሰጥ ማን ነው? ይህን ለፖላርድ ስነግረው «አርክቴክቶች ዝንጉ ናቸው» ብሎ ሸኘኝ።

የኢኖክ ሚስት ሃና ጣቢያው ደረጃ ላይ ሹራብ እየሠራች ተቀምጣለች። ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር መንገድ ትለቅልኛለች እንጂ አትነሣም።

«ኢንስፔክተር፣ ባሌ ነገር ሲደብቅ ጆሮው ይቀላል። ቀልቷል?»

«ቀልቷል።»

«እንግዲያው እየደበቀ ነው። ሰው ገድሎ ቢሆን ኖሮ ራሱ መጥቶ በርህን ያንኳኳ ነበር። እኔ አስራ አንድ ዓመት አብሬው ኖሬአለሁ፤ አንተ ትናንት ነው ያገኘኸው።»

ደረጃውን ወጣሁ፣ መልሼ ወረድኩ፣ እንደገና ወጣሁ።

*

ሌላ ሰው መፈለግ ነበረብኝ። ባርናቢ ስኬፍ የሚባል ግንበኛ ነበር፤ ሆልሮይድ ስካር ላይ ይዞት ስላባረረው በየመጠጥ ቤቱ «ከጣራ ነው የምወረውረው» ይል ነበር። በጋሪ ብራድፎርድ ድረስ ሄጄ አገኘሁት። ሰኞ ሙሉ ቀን የዋለው ብራድፎርድ ጣቢያ ታስሮ ነው፤ የታሰረውም ካቴድራሉ ደጃፍ ላይ ጸያፍ ዘፈን ስለዘፈነ ነው።

«ሆልሮይድ ሞተ?» አለኝና ኮፍያውን አወለቀ። «እሱ እንኳ ጥሩ ሰው ነበር። እኔ ነኝ ሰካራሙ።»

ይህን ለመስማት ግማሽ ቀን አጠፋሁ።

ከዚያ የሰንበት ተማሪዎቹ ኃላፊ ወደሆነችው ወደ ሚስ ታቢታ ኢሊንግወርዝ ሄድኩ። የሕጻናት ነጭ ጓንት ክምር ፊቷ ተከምሮ እያጠበች ነበር፤ አላቋረጠችም። ሰልፉ በአርክቴክቶቹ ቢሮ ሥር ሲያልፍ እሷ ከፊት ነበረች።

«ሚስተር ጋርሳይድን አይተዋቸዋል?»

«አየሁት። ፊቱን ወደ ውስጥ መልሶ ‹አምብሮዝ፣ ና እይ!› ሲልም ሰምቻለሁ።»

«ሚስተር ሆልሮይድ ሲመልሱስ?»

«በዚያ ሁሉ ጥሩምባ? መላእክት ቢመልሱም አልሰማ።» ጓንቱን ጨመቀችው። «ግን ልንገርህ፣ ያ ሰው ሥርዓት የለውም።»

«ምን አደረገ?»

«ምንም! እሱ ነው የሚገርመኝ። እኔ መሐረቤን አወዛወዝኩለት። ትንሿ ኔሊ ባርከር አበባዋን አወዛወዘችለት። በየዓመቱ እዚያ መስኮት ላይ ሆኖ ለሁሉም እጁን ያነሣ ነበር። ዘንድሮ ሁለት እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ እንደ ልብስ መስጫ ተገትሮ ቀረ። ልጅቷ ከንፈሯን ጣለች። ማማ ስለሠራ ነው እንዲህ የኮራው?»

ሰው ሲኮራ አይቻለሁና ብዙም አልገረመኝም። «ባንዲራው ያኔ የት ነበር?»

«ከፊቴ ነዋ። አንዱን ዘንግ ኢኖክ፣ ሌላውን ወንድሜ ይዘውት። ነፋስ ስለነበር ሁለቱም ለአፍታ አልለቀቁም። ከሰልፉ በፊት ባንዲራውን በቤተ ጸሎቱ ግቢ ስንፈታም ኢኖክ አብሮን ነበር፤ ሚስተር ሆልሮይድ ወደ ቢሮው ሲሄድ ጀርባውን እያየን ነው የፈታነው። ኢኖክ ነፍሰ ገዳይ ነው ብትለኝ አላምንም፤ ግን ሜዳ ላይ ጠፋ። ጠፋ ነው የምልህ።»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚታነቀው። ኢኖክ ከጭቅጭቁ እስከ ሜዳው ድረስ ከተማ ሙሉ አይቶታል። ሆልሮይድ ግን ሰልፉ ሲያልፍ በሕይወት ነበር። የተገደለው ከዚያ በኋላ ነው ማለት ነው፤ ያኔ ደግሞ ጋርሳይድ ለሚስቴ ስኳር እያበዛ ነበር፣ ኢኖክ ደግሞ የትም አልነበረም።

ጣቢያ ስመለስ ጋርሳይድ ኢኖክ ከታሰረበት ክፍል ሲወጣ ተገናኘን። ዓይኑን በመሐረብ ይጠርጋል። «ምስኪን! የአምብሮዝ ገዳይ መሆኑን ልቤ አልቀበል አለኝ። ጠበቃ ከሊድስ አመጣለታለሁ» አለኝ። ለሃናም ኮፍያውን አነሣላት። እንዲህ ያለ ደግ ሰው ነበር።

*

ዓርብ ዕለት ወደ ኢኖክ ክፍል የገባሁት የምጠይቀው ነገር ኖሮኝ አይደለም። ዝም ብዬ መቆየት አቅቶኝ ነው። ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለስኩ ስለ ልጁ አወራሁት።

«ኔሊ እሁድ መዝሙር ትመራለች አሉ። ሃና ነጩን ቀሚስ እየተኮሰችላት ነው።»

ቀና አለ። «የት ነው የምትመራው?»

«የት ይሆናል? ቤተ ጸሎት። የሰንበት ትምህርት ቤቱ በዓል አይደል? መድረኩ ከማማው ሥር ተሠርቷል።»

«ተዘግቷል እኮ።»

«ምኑ?»

«ቤተ ጸሎቱ! ሚስተር ጋርሳይድ ለሐዘኑ ብሎ አዘግቶታል። እዚህ መጥቶ ነግሮኛል! ምሎልኛል!» ተነሥቶ ትከሻዬን ያዘኝ። ዶብሰን ከውጭ ሮጦ ገባ፤ በእጄ ምልክት ሰጥቼ መለስኩት።

«ማንም አልዘጋውም ኢኖክ። ማስታወቂያው በየግድግዳው ተለጥፏል።»

እንደዚያ ዓይነት ፊት ከዚያ በፊት አላየሁም። ቁጭ አለ፣ ተነሣ፣ እንደገና ቁጭ አለ። ከዚያ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ አወጣው።

ማማው ይንቀሳቀሳል። ከሥሩ ማንም የማያስታውሰው የድሮ የከሰል ጉድጓድ አለ፤ መሠረቱም የተጣለው ለመጀመሪያው ቁመት እንጂ ኋላ ለተጨመረው አይደለም። ክረምቱ ሲያልፍ ግድግዳው ተሰነጠቀ። ሆልሮይድ ስንጥቁ ላይ፣ ግራና ቀኙን በኖራ ይዞ፣ ስስ መስታወት ለጠፈበት። መስታወት አይሳብም፤ ግድግዳው ትንሽ ከሄደ ይሰበራል። ሰኞ ጠዋት አብረው ሲወጡ ተሰብሮ አገኙት። ኢኖክ አሁኑኑ ለሕዝቡ ይነገር አለ። ሆልሮይድ ደግሞ ዛሬ ሁሉም ሜዳ ነው የሚውለው፣ መጀመሪያ ለጋርሳይድ ልንገረው፣ ማታ ለሽማግሌዎቹ እናገራለሁ አለ።

«ለዚያ ነው የጮህኩበት። አንድ ልጅ እዚያ ገብቶ ቢሞት ደሙ በራስህ ላይ ነው አልኩት። እግዜር ይይልኝ፣ እኔ ስለ ልጆቹ ነው።»

«ከሜዳው ወጥተህ የሄድከውስ?»

«ማማው ላይ ነዋ። እንጨት ላስደግፍ ሞከርኩ፤ ለብቻ አይቻልም። መዶሻዬም እዚያ ቀረ። ሚስተር ጋርሳይድ ገና ሳትይዙኝ መጥቶ ‹ይህ ከወጣ አገር ይሸበራል፣ ሰው ተረጋግጦ ያልቃል፤ አንተ ዝም በል፣ እኔ ዛሬውኑ አዘጋዋለሁ› አለኝ፤ እዚህ ሲመጣ ደግሞ ‹ተዘግቷል፣ አንተንም አስፈታሃለሁ› አለኝ። ቤተ ጸሎቱ ከተዘጋ እኔ እዚህ ብከርም ግድ የለኝም ብዬ ነው።»

ኪሴ ውስጥ የነበረውን የተሰበረ መስታወት አወጣሁ። አንዴ አይቶት ፊቱን አዞረ።

ወደ ፖላርድ ሮጥኩ። ፖላርድ ከቤተ ጸሎቱ ሽማግሌዎች አንዱ ነው፤ ለማማው መጨመር እጁን መጀመሪያ ያወጣውም እሱ ነበር።

«የነፍሰ ገዳይ ወሬ ይዘህ የሕጻናት በዓል ልታስበትን?» አለኝ። «መዶሻውም እዚያ ቢገኝ የደበቀበትን ነው የነገረህ። ማማውን የሠራው ሚስተር ጋርሳይድ ደህና ነው ብሏል። ሰልፉ ሲያልፍ ሆልሮይድ በሕይወት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ጋርሳይድ ሜዳ ነበር። ይህን ካፈረስክልኝ ቤተ ጸሎቱን በገዛ እጄ እዘጋዋለሁ።»

*

የኔ ቢሮ መስኮት እንደ ከተማው መስኮት ሁሉ ወደ ላይ የሚገፋ ነው። ግራና ቀኝ በጣውላው ሆድ ውስጥ በገመድ የተንጠለጠለ የብረት ክብደት አለው፤ መስኮቱን ከፍተው ሲለቁት ባለበት የሚያቆመው እሱ ነው። የኔው አንዱ ገመድ ከተበጠሰ ቆይቷል፤ ከለቀቁት ይወርዳል። ስለዚህ በዱላዬ ነው የማስደግፈው።

ያን ከሰዓት ዱላውን ዶብሰን ይዞት ወጥቶ ነበር። እኔ ታፍኛለሁ። ዶብሰን መንገዱን ሲሻገር አየሁትና ልጠራው መስኮቱን በሁለት እጄ ወደ ላይ ገፋሁ።

«ዶብሰን! ዱላዬን!»

ዞር ብሎ በፈገግታ እጁን አወዛወዘልኝ። ላወዛውዝለት አልቻልኩም። ብለቅ መስኮቱ አንገቴ ላይ ይወርዳል። ሁለት እጄን ወደ ላይ ሰቅዬ፣ እንደ ልብስ መስጫ፣ ተገትሬ ቀረሁ።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም። ሚስስ ክላፕ ቤቷ ድንች ትልጥ ነበር።

«የሚስተር ጋርሳይድ መስኮት! ገመዱ ደህና ነው?»

«የት ደህና! ከፋሲካ በኋላ ተበጥሶ። ኢኖክ ማክሰኞ ሊሠራው ቀጠሮ ነበረው፤ ምስኪን፣ ማክሰኞ ያዛችሁት።»

«እስከዚያ ታዲያ በምን ነበር የሚያቆሙት?»

«በራሱ ብረት። ከጎኑ ወጥቶ የለ? እሱኑ አቁመው ያስደግፉበታል። ሰኞ ጠዋት ሳጸዳም መስኮቱ በሱ ተደግፎ ክፍት ነበር። አንሥቼ ከሥሩ ወልውያለሁ፤ ክንዴን ነው የሚያስረዝመኝ፣ እንዴት ይከብዳል መሰለህ!»

ሚስስ ክላፕን ግንባሯ ላይ ሳምኳት። ድንቹ ከእጇ ወደቀ።

*

ቅዳሜ ጠዋት ፖላርድንና ዶብሰንን አስከትዬ ጋርሳይድ ቢሮ ገባሁ። ክፍሉ ያው ታፍኗል። መስኮቱ ዝግ ነው። ከመስኮቱ ጎን ያለው ጣውላ አዲስ ነጭ ቀለም ተቀብቷል፤ የቀረው ያረጀ ነው።

«ሚስተር ጋርሳይድ፣ እባክዎ መስኮቱን ይክፈቱልኝ።»

«ሽታው እኮ...»

«ግድ የለም፣ አንድ ጊዜ።»

አልተነሣም። እኔው ሄጄ በሁለት እጄ ገፋሁትና ለቀቅሁት። መስታወቱ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ወረደ። ፖላርድ ደነገጠ።

«ሰኞ ጠዋት ይህ መስኮት በብረቱ ተደግፎ ክፍት ነበር» አልኩ። «ሰልፉ ሲመጣ ግን እርስዎ በእጅዎ ይዘውት ቆሙ። ሚስ ኢሊንግወርዝ መሐረቧን አወዛወዘች፣ ኔሊ አበባዋን። በየዓመቱ ይመልሱ የነበሩት ሰው ዘንድሮ መመለስ አልቻሉም። ብረቱ የት ሄዶ ነው?»

የጋርሳይድ ዓይን ወደ ነጩ ጣውላ ሄደ።

«‹አምብሮዝ፣ ና እይ› ብለው የተጣሩት ለሞተ ሰው ነው። ያኔ ኢኖክ ባርከር ከሥርዎ በሁለት እጁ ባንዲራ ይዞ ያልፍ ነበር። ዶብሰን!»

ዶብሰን አዲስ የተቀባውን ጣውላ በስለት ፈለቀቀው። ሚስማሮቹም አዲስ ናቸው። እጁን እስከ ክርኑ አስገባና ክንድ የሚያህል የብረት ዘንግ መዘዘ፤ አንዱ ጫፉ ላይ ደም ደርቆ ሽበት ይዟል። ከተማውን ሙሉ የፈተሽንለት ነገር ሳምንቱን ሙሉ የራሱ ቦታ ላይ ነበር።

ጋርሳይድ ወንበሩን ከብረቱ አራቀ።

«አንድ ዓመት ነው የለመንኩት» አለ። «አንድ ዓመት ብቻ። ሌላ ምክንያት ፈጥረን እናጠናክረዋለን፣ ስሜን አታጥፋ አልኩት። ‹ማታ ለሽማግሌዎቹ እነግራለሁ› ብሎ ኮፍያውን ሊያነሣ ወደ ክፍሉ ሄደ። ብረቱን እንዴት እንዳነሣሁት አላውቅም። ስመለስ መስኮቱ ተዘግቶ፣ የባንዱ ጥሩምባ ቀርቦ... ሁሉም ቀና ብለው እንደሚያዩኝ አውቃለሁ። በየዓመቱ ያዩኛላ።»

«ልጆቹስ?» አልኩት። «ነገ ከማማው ሥር ሊያቆሟቸው ነው። እርስዎ ደግሞ አፉን ለማዘጋት ለኔሊ አባት ማሉለት።»

ቀና ብሎ ንድፉን አየ። «አይወድቅም» አለ። «እኔ ነኝ የሠራሁት። አይወድቅም።»

ከልቡ ነበር የሚለው። ፖላርድ ወጣ፤ ወደ ቤተ ጸሎቱ ሲሮጥ በመስኮቱ አየሁት።

*

ኢኖክን በዚያው ጠዋት ፈታሁት። ሃና ከደረጃው ተነሥታ ጆሮዎቹን ግራና ቀኝ ገልብጣ አየች። «አሁን ደህና ነው» አለችና ሹራቡን ደረቱ ላይ ወረወረችለት። እሱ ግን ቤቱ አልሄደም። ማማው ላይ ወጥቶ፣ ከመዶሻው አጠገብ፣ በስንጥቁ ላይ አዲስ መስታወት ለጠፈ።

እሁድ ልጆቹ ሜዳ ላይ ዘመሩ። ግማሹ ምእመን አጉረመረመ፤ ነፋሱ ኮፍያ ወሰደ፣ ኦርጋኑ አልነበረም፣ ማማው ደግሞ ከሩቅ ቀጥ ብሎ፣ አምሮበት ቆሟል። «ይኸው፣ ምን ሆነ?» የሚሉም ነበሩ። እኔ ራሴ ጥርጣሬ ገብቶኝ በሜዳው ዳር እመላለስ ነበር። ኢኖክ መጥቶ ክንዴን ነካኝ።

«ና፣ እንየው።»

ጠባቡን ደረጃ ወጣን። ቤተ ጸሎቱ ባዶ ነው፤ ከትናንት ጀምሮ ደወል አልተደወለም፣ ነፍስ ያለው ነገር አልገባም። መስታወቱ መሃል ለመሃል ተሰብሯል።

ኢኖክ ደረጃው ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፣ ቆሜ። ከዚያ ስብርባሪውን ከግድግዳው ላቅቆ በመሐረቡ ጠቀለለው፣ ሰደርያው ኪስ ከተተው፤ ለሽማግሌዎቹ ማታ የሚያሳየው አሁን እሱ ነው።

ስንመለስ ኔሊ መድረኩ ላይ ቆማ እየመራች ነበር። አባቷን ስታይ መዝሙሩን ሳታቋርጥ አበባዋን አወዛወዘች። ኢኖክ ሁለት እጁን ከፍ አድርጎ መለሰላት።